ሳይቃጠል በቅጠል፤ የማይክሮኮንትሮለርን መግቢያ ከመጠን ካለፈ ቮልቴጅ ስለ መጠበቅ

ከሳይንስ ክበብ አባል፣ 11ኛ ክፍል

አንባቢ ሆይ፤ አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ የተናገሩት ስለ እሳት ብቻ አይደለም። ነገር ገና ሳይከፋ፣ በትንሽ ድካምና በትንሽ ወጪ ሊገታ በሚችልበት ሰዓት ማሰብ እንደሚገባ ሲያስተምሩን ነው። እኔ ይህን ምሳሌ በዚህ ዓመት በገዛ እጄ ተማርሁት፤ የተማርሁበትም ዋጋ የክበባችን አንድ ለእናቱ የሆነ ቦርድ ነበረ። ስለዚህ በሚመጣው ዓመት በክበቡ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡ ታናናሾቻችን ያንኑ ስሕተት እንዳይደግሙት በማሰብ፣ የሆነውን ነገርና ከዚያም በኋላ ያገኘሁትን ትምህርት በመጽሔታችን ላይ ለማቅረብ ተነሣሁ። ወላጆችም ቢያነቡት እንዲገባቸው ነገሩን ከሥሩ እጀምራለሁ።

ማይክሮኮንትሮለር ምንድን ነው?

ማይክሮኮንትሮለር ማለት በአንዲት ትንሽ ጥቁር ቺፕ ውስጥ ተጠቃልሎ የተሠራ ኮምፒዩተር ነው። እንደ ትልቁ ኮምፒዩተር ደብዳቤ ለመጻፍ ወይም ፊልም ለማሳየት ሳይሆን፣ አንድ የተወሰነ ሥራ ሳይሰለች ሲሠራ እንዲኖር የተዘጋጀ ነው። በልብስ ማጠቢያ መኪና፣ በማይክሮዌቭ ምድጃ፣ በአውቶሞቢል ሞተር፣ በልጆች መጫወቻ ውስጥ እንኳ ሳይቀር ይገኛል። ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኘው ከጎኑ በወጡት የብረት እግሮች ነው። በአንዳንዶቹ እግሮች ትእዛዝ ያወጣል፤ ለምሳሌ መብራት ያበራል። በአንዳንዶቹ ደግሞ ከውጭ የሚመጣውን ምልክት ይቀበላል። የዛሬው ትምህርታችን ስለ እነዚህ ስለ ተቀባዮቹ፣ ማለት ስለ መግቢያ እግሮች ነው።

በብዙ ትምህርት ቤቶች ለመማሪያ የሚያገለግለው አርዱኢኖ የተባለው ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2005 በኢጣልያ አገር በኢቭሪያ ከተማ የተጀመረ ነው። የኛም ክበብ የነበረው አርዱኢኖ ኡኖ የሚባለው ዓይነት ነው። በላዩ የተሰካው ቺፕ አትሜጋ 328ፒ ይባላል፤ 28 እግሮች አሉት፤ የሚሠራውም በ5 ቮልት ነው። ከእግሮቹ ስድስቱ ከውጭ የሚመጣውን ቮልቴጅ ለክተው ከ0 እስከ 1023 ባለው ቁጥር ያስታውቃሉ። ምንም ቮልቴጅ ከሌለ 0 ይላሉ፤ 5 ቮልት ሲደርስ 1023 ይላሉ። ከ1023 በላይ የሚሉት ቁጥር የለም፤ ከ5 ቮልት በላይ የሚችሉትም ሸክም የለም። እኔ የዘነጋሁት ይህን ነበረ።

ያቺ ቀን

በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ጣራ ላይ የሶላር ሰሌዳ አለ። ቀን ቀን ባትሪ ይሞላል፤ ማታ መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ለሚያጠኑ ተማሪዎች ብርሃን ይሰጣል። ባትሪው በእርሳስና በአሲድ የሚሠራ፣ እንደ መኪና ባትሪ ያለ፣ «12 ቮልት» ተብሎ የተጻፈበት ነው። እንዲህ ያለው ባትሪ ደጋግሞ እስከ መጨረሻው ከተሟጠጠ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ክበባችን አንድ ሐሳብ አመጣ፤ ይኸውም ቦርዱ የባትሪውን ቮልቴጅ እየለካ፣ ባትሪው ሲዳከም ቀይ መብራት እንዲያበራና አንባቢዎቹ አይተው ግማሹን አምፖል እንዲያጠፉ ነው። ሥራው በዓመቱ የሳይንስ ኤግዚቢሽን እንዲታይ ታስቦ ነበር፤ ለኤግዚቢሽኑ የቀረውም 2 ሳምንት ብቻ ነበረ። ቦርዱ የተገዛው አባሎቹ ከኪሳችን ባዋጣነውና መምህራችን በጨመሩልን ገንዘብ ነው።

የሽቦውን ሥራ የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ቦርዱ ግራውንድ አንድ ሽቦ አገናኘሁ። ከፖዘቲቩ የመጣውን ሽቦ ኤ0 በተባለው መግቢያ ልሰካ ስል አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ፣

«ቆዪ እስቲ፤ 12 ቮልት አይበዛበትም ወይ?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔም ታላቅነቴ ተሰምቶኝ፣ «መለኪያ እኮ ነው፤ መለካት ምን ይጎዳዋል?» ብዬ ሰካሁት።

በኮምፒዩተሩ ላይ 1023 የሚል ቁጥር ታየ፤ ወዲያውም ቁጥሩ መንቀሳቀሱን ተወ። የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚመስል ሽታ መጣ። ጣቴን በቺፑ ላይ ባሳርፍ እንደ ጋለ ምጣድ ፈጀኝ። ሽቦውን ነቅዬ ቦርዱን ባጠፋው ባበራው ምንም አልመለሰም።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ከስሕተቱ የባሰ ነበረ። መምህራችን ምን እንደ ሆነ ሲጠይቁን፣ «በራሱ ጊዜ ጠፋ፤ ድሮም ደካማ ነበረ» ብዬ መለስሁ። ያ የ9ኛ ክፍል ልጅ መሬት መሬቱን አየ እንጂ አንድ ቃል አልተናገረም። እስከ ቤቴ ድረስ የተከተለኝ ይህ ዝምታው ነው።

አጎቴ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በመጠገን የሚተዳደሩ ሰው ናቸው። በማግሥቱ ቅዳሜ ስለ ነበረ ቦርዱን በወረቀት ጠቅልዬ ሱቃቸው ሄድሁ። መነጽራቸውን አድርገው ገለባብጠው አዩት፤ በቴስተርም ነካኩትና፣

«ልጄ፣ በዚህ እግር ምን አስገባሽበት?» አሉኝ።

«ባትሪ ነው ጋሼ፤ የ12 ቮልት።»

«በመካከሉስ ምን አደረግሽ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ቦርዱን አትውቀሺው። ገደብ ሳትሠሪለት ጎርፍ ነው የለቀቅሽበት። ደግሞስ 12 ቮልት መሆኑን ማን ለካው?»

«ተጽፎበታል።»

«የተጻፈው ስሙ ነው። ልኩን የሚነግርሽ ቴስተር ነው» አሉና ወንበር አስጠግተው አስቀመጡኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ከዚያ ወንበር ላይ የተገኘ ነው።

ቮልቴጅና ፍሰት

ነገሩን ለመረዳት በውሃ መመሰል ይቀላል። በሰገነት ላይ የተቀመጠ የውሃ ታንከር እናስብ። ታንከሩ ከፍ ባለ ቁጥር ውሃው ወደ ታች የሚገፋበት ኃይል ይበረታል። በኤሌክትሪክ እንዲህ ያለውን ግፊት ቮልቴጅ እንለዋለን፤ መለኪያው ቮልት ነው። በቧንቧው ውስጥ በየሰኮንዱ የሚያልፈው የውሃ ብዛት ደግሞ ፍሰት ነው፤ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚለካው በአምፔር ነው። ቧንቧው ሲጠብ የሚያልፈው ውሃ ያንሳል። በኤሌክትሪክ መንገድ ላይ ይህን የማጥበብ ሥራ የሚሠራው ሬዚስተር የተባለው ዕቃ ነው፤ መለኪያውም ኦም ይባላል።

የእነዚህን የሦስቱን ዝምድና የገለጸው ጀርመናዊው ጌዎርግ ኦም ነው። እርሱም በኮሎኝ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መምህር የነበረ ሲሆን፣ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1827 በመጽሐፍ አሳተመ። ሕጉ አጭር ነው፤ ቮልቱ በኦሙ ሲካፈል አምፔሩ ይገኛል። ለሥራችን እንዲመቸን ደግሞ እንዲህ ብለን እንያዘው፤ ቮልቱን በኪሎ ኦም ብናካፍል የምናገኘው መልስ በሚሊ አምፔር ነው። 1 ሚሊ አምፔር የ1 አምፔር አንድ ሺኛ ነው።

በእግሩ ውስጥ ያለው ዘበኛ

የቺፑ ሠሪዎች እያንዳንዱን መግቢያ ያለ ጠባቂ አልተዉትም። ከእግሩ በስተውስጥ ሁለት ጥቃቅን ዳዮዶች አሉ። ዳዮድ ማለት በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚከፈት በር ያለ ነገር ነው። አንደኛው ዳዮድ ከእግሩ ወደ 5 ቮልቱ መሥመር ይከፈታል። በእግሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ ከ5 ቮልት በግማሽ ቮልት ያህል ሲያልፍ ትርፉን ወደዚያ መሥመር ያሳልፋል። ሁለተኛው በታች በኩል ሆኖ፣ ቮልቴጁ ከዜሮ በታች ሲወርድ ከግራውንድ ወደ እግሩ ይከፈታል። የፋብሪካው ሰነድም በእግሩ ላይ የሚመጣው ቮልቴጅ ቺፑ ከሚሠራበት ቮልቴጅ በ0.5 ቮልት እንዳይበልጥ፣ ከግራውንድም በ0.5 ቮልት እንዳያንስ ወሰን ያኖራል። በኛ ቦርድ ላይ ይህ ማለት ከ5.5 ቮልት በላይም፣ ከዜሮ በታች 0.5 ቮልት ካለፈም ክልክል ነው ማለት ነው።

ነገር ግን እነዚህ ዳዮዶች የተቀመጡት ለቅጽበት ለሚመጣ ነገር ነው። በበጋ ሹራብ ስናወልቅ ጠቅ የሚያደርገንን ብልጭታ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰው እንዲህ ያለውን ብልጭታ የሚሰማው ቮልቴጁ ወደ 3000 ገደማ ሲደርስ ነው፤ ይሁን እንጂ ፍሰቱ በቅጽበት ስለሚያልቅ አይገድለንም። ዘበኞቹ ዳዮዶች እንዲመልሱ የተቀጠሩት ይህን የመሰለውን ነው። ሳያቋርጥ የሚመጣ ፍሰት ግን ቀጭን አካላቸውን ያግለዋል፤ ያቀልጠዋልም። ስለዚህ የቺፑ ፋብሪካ በነዚህ ዳዮዶች ውስጥ ከ1 ሚሊ አምፔር በላይ እንዳናሳልፍ ይመክራል።

እንግዲህ የኔን ሥራ በዚህ መዝኑት። በባትሪውና በዳዮዱ መካከል ከአንድ ኦም ያነሰ አጭር ሽቦ ብቻ ነበረ። የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ሁለቱ ጫፎቹ በሽቦ ቢገናኙ በመቶ የሚቆጠር አምፔር ሊያፈስ የሚችል ኃይለኛ ነገር ነው። አንድ አላፊ እንዲመልስ የቆመ ዘበኛ የገበያ ሕዝብ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲገፋው ምን ይሆናል? ዘበኛው ወደቀ፤ ከርሱም ጋር 5 ቮልቱ መሥመር ከልኩ በላይ ተነሥቶ ቺፑን በሙሉ አቃጠለው።

ከመሰካት በፊት የሚጠየቁ ሦስት ጥያቄዎች

አጎቴ ማንኛውንም ሽቦ ወደ ቺፕ ከማስጠጋታቸው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። እነርሱም የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ፤ ይህ ቮልቴጅ ከፍ ቢል ስንት ይደርሳል? «12 ቮልት» የተባለው ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ ወደ 12.7 ቮልት ነው። እየተሞላ ሳለ 14.4 ቮልት ድረስ ይወጣል። የባትሪው ሽቦ ተላቆ የሶላሩ ሰሌዳ ብቻውን ቢቀር ደግሞ ለ12 ቮልት የተሠራው ሰሌዳ በጥሩ ፀሐይ 22 ቮልት ያህል ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ሒሳቡ የሚሠራው በ12 ሳይሆን በ22 ነው።

2ኛ፤ ምንጩ ምን ያህል ፍሰት ሊገፋ ይችላል? ትንሽ የእጅ ባትሪ ድንጋይና የመኪና ባትሪ አንድ አይደሉም። ኃይለኛ ምንጭ ከሆነ በመካከሉ ሬዚስተር ሳይኖር አንድ ሽቦ እንኳ አይነካም።

3ኛ፤ ነገር ቢበላሽስ? ሽቦው ተገልብጦ ፖዘቲቩ በኔጋቲቩ ቦታ ቢሰካ፣ አንዱ ብየዳ ቢላቀቅ፣ ወይም ቦርዱ ጠፍቶ ሳለ ባትሪው ተያይዞ ቢቆይ ምን ይሆናል? ብዙ ሰው የሚሠራው ሁሉ ነገር ደኅና ለሆነበት ቀን ነው፤ ዕቃ የሚቃጠለው ግን በሌላው ቀን ነው።

የመከላከያ መንገዶች

አንደኛው መንገድ በመካከል ሬዚስተር ማግባት ነው። ለምሳሌ ያህል፣ የ12 ቮልቱ መሥመር መኖሩንና አለመኖሩን ብቻ ማወቅ እንፈልጋለን እንበል። ከፍተኛው 22 ቮልት ነው፤ የእግሩ ወሰን 5.5 ቮልት ነው፤ ትርፉ 16.5 ቮልት ይሆናል። ፍሰቱ ከ1 ሚሊ አምፔር እንዳያልፍ ከ16.5 ኪሎ ኦም የሚበልጥ ሬዚስተር ያስፈልጋል። 22 ኪሎ ኦም ብንመርጥ 16.5 በ22 ተካፍሎ 0.75 ሚሊ አምፔር ይሆናል። በትንሽ ገንዘብ የሚገዛ አንድ ሬዚስተር እንዲህ ያለውን ኃይለኛ ባትሪ ልጓም አገባለት ማለት ነው። ጉድለቱ ግን በዚህ መንገድ ቮልቴጁን መለካት አለመቻሉ ነው። ከ5 ቮልት በላይ ያለው ሁሉ በቦርዱ ዘንድ ያው 1023 ይሆናል።

ሁለተኛው መንገድ ቮልቴጁን መከፋፈል ነው፤ ለኛ ሥራ የሚስማማውም ይህ ነው። ሁለት ሬዚስተሮች በተከታታይ ይያያዛሉ። የላይኛው ጫፍ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ የታችኛው ጫፍ ከግራውንድ ይገናኛል፤ ከመካከላቸው የሚወጣው ሽቦ ወደ ቦርዱ እግር ይሄዳል። ላይኛውን 39 ኪሎ ኦም፣ ታችኛውን 10 ኪሎ ኦም አደረግነው። ድምሩ 49 ነው። እንግዲህ ባትሪው ከሚያመጣው ቮልቴጅ ከ49 እጅ 10 እጁ ብቻ ለእግሩ ይደርሰዋል። 22 ቮልት ቢመጣ 4.49 ቮልት፣ 14.4 ቢሆን 2.94 ቮልት፣ 12.7 ቢሆን 2.59 ቮልት ይሆናል። ሁሉም ከ5 ቮልት በታች ነው። ሬዚስተሮቹ ከተጻፈባቸው 5 በመቶ ቢዛነፉና ሁለቱም በክፉው በኩል ቢዛነፉብን እንኳ 22ቱ ቮልት 4.86 ቮልት ቢደርስ ነው። ከተቻለ ግን ሬዚስተሮቹን በቴስተር ለክቶ ትክክለኛውን ቁጥር በፕሮግራሙ ውስጥ መጻፍ ይበጃል።

አሁን ሦስተኛውን ጥያቄ እንመልስ። የታችኛው ሬዚስተር ብየዳ ቢላቀቅ ባትሪው በ39 ኪሎ ኦሙ በኩል ብቻ ይመጣል። 14.4 ቮልት ላይ ትርፉ 8.9 ቮልት ነው፤ በ39 ሲካፈል 0.23 ሚሊ አምፔር ያህል ይሆናል። 22 ቮልት ቢሆን ደግሞ 0.42 ሚሊ አምፔር ነው። ሽቦው ቢገለበጥ ከ0.31 ሚሊ አምፔር ያልበለጠ በታችኛው ዳዮድ በኩል ያልፋል። ቦርዱ ጠፍቶ ሳለ የባትሪው ቮልቴጅ ቢመጣም የሚገባው ከ0.4 ሚሊ አምፔር በታች ነው። በአራቱም መከራ 1 ሚሊ አምፔር አልሞላም። መልካም መከላከያ የሚባለው እንዲህ ራሱ ሲበላሽም የሚጠብቀው ነው።

አንድ ሰው «ታዲያ ለምን 39 ሺህና 10 ሺህ ኦም ብቻ? ለምን በሚሊዮን አናደርገውም?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ትክክል ነው። ቺፑ በሚለካበት ጊዜ በውስጡ አንዲት እጅግ ትንሽ ካፓሲተር ትሞላለች። ሬዚስተሩ ከበዛ ካፓሲተሯ በጊዜው አትሞላም፤ ቁጥሩም ይዋሻል። ስለዚህ የፋብሪካው ሰነድ ከእግሩ በስተውጭ የሚታየው የምንጩ ሬዚስታንስ 10 ኪሎ ኦም ወይም ከዚያ በታች እንዲሆን ይመክራል። የኛ ሁለት ሬዚስተሮች ከእግሩ በኩል ሲታዩ ጎን ለጎን እንደ ተያያዙ ስለሚቆጠሩ 39 በ10 ተባዝቶ በ49 ሲካፈል ወደ 8 ኪሎ ኦም ይሆናል። በልኩ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ከውጭ ተጨማሪ ዳዮድ ማቆም ነው። ለዚህ የሚያገለግሉ ሁለት ዓይነቶች አሉ። አንደኛው ሾትኪ የሚባለው ነው። ይህ ገና 0.3 ቮልት ገደማ ሲያልፍ ስለሚከፈት፣ በቺፑ ውስጥ ያለው ደካማ ዘበኛ ሳይነካ ቀድሞ ትርፉን ይወስደዋል። ሁለተኛው ዜነር የሚባለው ነው፤ ስሙን ያገኘው ይህን ዓይነት የኤሌክትሪክ መጣስ እ.ኤ.አ. በ1934 ከገለጸው ከክላረንስ ዜነር ነው። የ5.1 ቮልት ዜነር በእግሩና በግራውንድ መካከል ቢገባ ቮልቴጁ ወደዚያ ሲጠጋ ትርፉን ወደ ግራውንድ ያፈስሳል። ነገር ግን እንደ ቢላ ቆርጦ የሚጀምር አይደለም። ከ5.1 ቮልት በፊትም ጥቂት ጥቂት ያፈስሳል፤ ይህም ለመለኪያ ሥራ ቁጥሩን ያዛባል። ሁለቱም ዓይነቶች ከፊታቸው ሬዚስተር ከሌለ እንደ ውስጠኛው ዳዮድ ይቃጠላሉ። ዳዮድ ያለ ሬዚስተር ጋሻ ሳይሆን ሰለባ ነው።

አራተኛው ካፓሲተር ነው። 100 ናኖ ፋራድ የሆነ ካፓሲተር በእግሩና በግራውንድ መካከል ስናደርግ በድንገት የሚመጣውን ሹል ብልጭታ ይውጠዋል፤ የሚዋልለውንም ቁጥር ያረጋጋዋል። ከ8 ኪሎ ኦሙ ጋር ሲሠራ የሚያዘገየው ከሰኮንድ አንድ ሺኛ እንኳ አይሞላም፤ ባትሪን ለሚያህል ዝግተኛ ነገር ይህ ምንም አይደለም።

አምስተኛው ሁለቱን ወገኖች ፈጽሞ ማለያየት ነው። ኦፕቶካፕለር የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ፤ ከነዚህ መካከል ፒሲ817 የታወቀ ነው። በውስጡ በአንድ በኩል ትንሽ አምፖል፣ በሌላ በኩል ብርሃን የሚያይ ትራንዚስተር አለ። መልእክቱ በብርሃን ይሻገራል እንጂ በሽቦ አይገናኙም። ከ12 ቮልት መሥመር 2.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ብናስቀድምለት 5 ሚሊ አምፔር ያህል አግኝቶ ይሠራል። ከመኪና ወይም ከሞተር የሚመጣ ምልክት በዚህ ቢያልፍ መልካም ነው፤ አለና የለም ለማለት እንጂ ቮልቴጅ ለመለካት ግን አይመችም።

ሊዘነጋ የማይገባው

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ስለ ሰው ሕይወት ነው። በግድግዳ ሶኬት ውስጥ ያለው 220 ቮልት በየማዕበሉ ጫፍ 311 ቮልት ይደርሳል። እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ለባትሪና ለትንሽ ቮልቴጅ ነው። ማንም ተማሪ እነዚህን ሬዚስተሮች ይዞ ወደ ግድግዳ ሶኬት እንዳይሄድ አደራ እላለሁ። ቦርድ በገንዘብ ይተካል፤ ሰው ግን አይተካም።

ሁለተኛ፣ ሁሉም ቦርድ በ5 ቮልት አይሠራም። ኢኤስፒ32ና ራስቤሪ ፓይ ፒኮ የሚባሉት የሚሠሩት በ3.3 ቮልት ነው። ለአርዱኢኖ ኡኖ ደኅና የሆነው 5 ቮልት ለነርሱ ብዙ ነው። ለምሳሌ በድምፅ ርቀት የሚለካው ኤችሲ ኤስአር04 መልሱን በ5 ቮልት ስለሚሰጥ፣ ከላይ 1 ኪሎ ኦም ከታች 2 ኪሎ ኦም አድርጎ ወደ 3.3 ቮልት ማውረድ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ሪሌይ ወይም ሞተር ሲጠፋ በጥቅልል ሽቦው ውስጥ የነበረው ኃይል በድንገት ብዙ ቮልት ሆኖ ይወጣል። በጥቅልሉ ሁለት ጫፎች ላይ አንድ ዳዮድ በግልባጭ ማሠር ይህን ቁጣ እዚያው ያበርደዋል።

አራተኛ፣ የሬዚስተሩ ቦታ ራሱ ጥበብ አለው። 39 ኪሎ ኦሙን ከቦርዱ ዘንድ ሳይሆን ከባትሪው ዘንድ፣ በሽቦው መጀመሪያ ላይ በየድነው። በዚህም ምክንያት ወደ ቦርዱ የሚሄደው ረጅም ሽቦ ተልጦ ብረት ቢነካ እንኳ የሚያልፈው ከ1 ሚሊ አምፔር በታች ስለሆነ እሳት አይነሣም።

የነገሩ ፍጻሜ

ሰኞ ጧት ከሰልፍ በኋላ መምህራችን ዘንድ ሄጄ እውነቱን ተናገርሁ። ያንንም የ9ኛ ክፍል ልጅ ይቅርታ ጠየቅሁት። መምህራችን አልተቆጡኝም፤ ነገር ግን «የምትከፍዪው በገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የተማርሽውን ለክበቡ አስተምሪ» አሉኝ። ቺፑ በሶኬት ላይ የተሰካ ዓይነት በመሆኑና ሌላው የቦርዱ ክፍል ደኅና ሆኖ በመገኘቱ፣ አጎቴ አሮጌውን ነቅለው በእንቁጣጣሽ ገንዘቤ በገዛሁት አዲስ ቺፕ ተኩት። ቺፑ ግን የደረሰው ኤግዚቢሽኑ ካለፈ በኋላ ነው። በኤግዚቢሽኑ ቀን በጠረጴዛችን ላይ የነበረው የሚሠራ መሣሪያ ሳይሆን፣ በካርቶን ላይ የተለጠፈ የተቃጠለ ቺፕና ከጎኑ የተጻፈ ሒሳብ ነበረ። ብዙ ሰው አልቆመበትም። የቆሙት ግን ብዙ ጠየቁን።

መሣሪያው በኋላ ተሠርቶ ተፈጸመ። ኤ0 ላይ ከመሰካታችን በፊት ያ የ9ኛ ክፍል ልጅ ቴስተሩን ይዞ በሽቦው ጫፍ ያለውን ቮልቴጅ ለካ፤ 2.57 ቮልት ሆነ። ባትሪው በዚያ ሰዓት 12.6 ቮልት ስለነበረ በሒሳቡ መሠረት ልክ ነው። ከዚያ በኋላ «አሁን ስኪው» አለኝ፤ ሰካሁት። ኮምፒዩተሩ 526 የሚል ቁጥር አሳየ። ቀይ መብራቱ ባትሪው ወደ ግማሽ ሲወርድ፣ ይኸውም አርፎ 12.2 ቮልት ሲሆን፣ እንዲበራ አደረግነው። አንዷ የቁጥር ደረጃ በባትሪው ዘንድ 24 ሚሊ ቮልት ያህል ስለሆነች ይህን ለመለየት በቂ ናት።

ውድ ጓደኞቼ፤ ከዚያ ወዲህ በክበባችን ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። በላዩ የተጻፈው «ከፍ ቢል ስንት ይደርሳል? ምን ያህል ይገፋል? ቢበላሽስ?» የሚል ነው። ከሥሩም አንድ ደንብ አለ፤ ሽቦ የሠራው ሰው ራሱ አይሰካም፤ ሌላ ሰው ለክቶ «ስካ» እስኪለው ይጠብቃል። ይህንንም የሚለው ሰው ከክፍል ዝቅ ያለ ቢሆን እንኳ ቃሉ ይከበራል። እኔን የጎዳኝ ሒሳብ አለማወቄ ብቻ አልነበረም፤ የሚያውቅ ትንሽ ልጅ ሲጠይቀኝ አለመስማቴ ነው። ሬዚስተሩ በገበያ ይገኛል። የ«ቆዪ እስቲ»ን ቃል መስማት ግን ከራሳችን ካልሆነ ከየትም አይገዛም።